ስለ አራዳ ገበያና ፒያሳ ስለ ተባለው ሰፈር

አዲስ አበባ ከባሕር እጅግ የራቀች፥ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በእንጦጦ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች መርከብም መልሕቅም አታውቅም። ዳሩ ግን ወደብ ማለት የሩቅ አገር ዕቃ የሚራገፍበት፥ ቀረጥ የሚከፈልበት፥ የብዙ ሕዝብ ቋንቋ ተቀላቅሎ የሚሰማበት፥ ወሬም ከሸቀጥ ጋራ የሚናኝበት ስፍራ ከሆነ፥ አራዳ የአዲስ አበባ ወደብ ነበረ ማለት ስሕተት አይሆንም። ይህ ስፍራ ዛሬ በብዙ ሰው አፍ ፒያሳ ይባላል፤ ፒያሳም በኢጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፥ የገዛ ስም ያለው ስፍራ በባዕድ ቋንቋ ሲጠራ ቢገኝ፥ ስሙን ማን እንደ ሰጠው ብቻ ሳይሆን፥ ስሙ ከምን ጋራ እንደ ገባ፥ አብሮት ከገባውም የትኛው እንደ ወጣና የትኛው እንደ ቀረ መጠየቅ ይገባል።

አራዳን ያቀናው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረችና እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ብለው ስም ካወጡላት በኋላ፥ ገበያው ከቤተ መንግሥቱ ራቅ ብሎ በቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ ተዘረጋ። የጊዮርጊስ ታቦት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በሆነው በዓድዋ ጦርነት ከዳግማዊ ምኒልክ ጋራ መዝመቱ በካህናት ዘንድ ሲነገር የኖረ ነው። ከድሉም በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ዛሬ የምናየውን ስምንት ማዕዘን ያለውን ሕንጻ አሠሩ። የሚያስደንቀው ግን የዚህን የድል መታሰቢያ ንድፍ ያወጣው ሴባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ኢጣልያዊ መሆኑ ነው፤ በዓድዋ የተማረኩ ኢጣልያኖችም በሥራው ጉልበታቸውን እንዳፈሰሱበት ይነገራል። እንግዴህ የኢጣልያ ሰው እጅ በአራዳ ምድር መጀመሪያ የታየው በጠላትነት ሳይሆን ለታቦት ማደሪያ ድንጋይ በመጥረብ ነው ማለት ነው። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው።

የአራዳ ገበያ ሙሉ መልኩ የሚታየው በበጋ ነበር። በክረምት ወንዙ ሞልቶ መንገዱም ጭቃ ሆኖ የነጋዴውን በቅሎና ግመል ስለሚያግደው ሸቀጥ ይጐድል ነበር፤ መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲጠባ ግን የሲራራ ነጋዴ ይነሣል። ስለዚህ የአውሮፓ ወደቦች በብርድ በሚጨማደዱበት በኅዳር፥ በታኅሣሥና በጥር ወር አራዳ፥ ሌሊቱ ውርጭ ቀኑም ደማቅ ፀሐይ ሆኖ፥ ከአራቱ ማዕዘን በሚጐርፍ ሰው ይጨናነቅ ነበር። በማለዳ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ጐብጠው የሚወርዱ ሴቶች ይታያሉ፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ባለ በቅሎዎች፥ ከኪዳን የሚመለሱ ካህናት፥ ሌሊቱን ጭነታቸውን ሲጠብቁ አድረው እሳት የሚሞቁ ነጋዴዎች በአንድነት ይገናኛሉ። ዋናው ቀን ቅዳሜ ነበር። ማሩ፥ ቅቤው፥ እህሉ፥ ጨውና ቡናው፥ ቆዳውም እያንዳንዱ በየተራው ይሰፍራል፤ በቅሎና ፈረስ የሚገዛም ሰው በሜዳው ላይ እየጋለበ ይፈትን ነበር። ጉምሩኩ በዚያው ስለ ነበረ ነጋድራሱ ቀረጥ ተቀባይም፥ የነጋዴ ዳኛም ነበር። ከነጋድራሶቹ ይልቁንም ስማቸው ገኖ የቀረው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው።

የገበያው ገንዘብ ለብቻው ታሪክ የሚወጣው ነው። ትልቁ ክፍያ የሚፈጸመው በጠገራ ብር፥ ትንሹም በአሞሌ ጨው ነበር። ጠገራ ብር የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ሲሆን፥ ንግሥቲቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ከሞተች በኋላም ያው ዓመት ሳይለወጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሲታተም ኖሯል። የአገራችን ሰው ጠንቃቃ ስለ ሆነ በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን የዕንቍ ነጥቦችና በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ሳይመረምር፥ ድምፁንም ድንጋይ ላይ ጥሎ ሳይሰማ አይቀበልም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ገደማ በፓሪስ የገዛ መልካቸው ያለበትን ብር ቢያሳትሙም ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት አልተቻለም። ይህ ብር ከቪየና ተነሥቶ ወደ ቀይ ባሕር የሚጫነው በትሪየስቴ ወደብ በኩል ነበር፤ ትሪየስቴም ያን ጊዜ የኦስትሪያ ስትሆን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ለኢጣልያ ሆናለች። ስለዚህ በአራዳ ማር የምትሸጥ ባልቴት ባሕር የሚባል ነገር ሳታይ፥ ያን ሁሉ ባሕር ያቋረጠ ገንዘብ በመቀነትዋ ቋጥራ ወደ ቤትዋ ትገባ ነበር። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ በ1927 ዓ.ም. የዚህን ብር ማተሚያ መብት ከቪየና ወስዶ በሮማ ያሳትመው ጀመር፤ ከወታደሩ አስቀድሞ ገንዘቡን ማሰናዳቱ ነው።

በገበያው መካከል ለእንግዳ እጅግ የሚገርም ነገር ይታይ ነበር፤ ቁራኛ ነው። ባለ ዕዳና አበዳሪ፥ ወይም ከሳሽና ተከሳሽ፥ ክርክሩ እስኪያልቅ ወይም ዕዳው እስኪከፈል በአንድ ሰንሰለት ታስረው አብረው ይውላሉ፤ አብረው ይበላሉ፥ አብረው ያድራሉ። የውጭ አገር ተጓዦች ይህን ሲያዩ እንደ ጨዋታ ጽፈውታል፤ እኔ ግን አበዳሪውም የዕዳውን ክብደት በገዛ እጁ እንዲቀምስ ማድረጉን ሳስብ፥ ነገሩ ፈጽሞ ጥበብ አልነበረበትም ለማለት አልደፍርም። የነፍሰ ገዳይ ፍርድም በዚያው ይፈጸም ነበር፤ ስቅላት የሚደረግበት ትልቅ ዛፍ በገበያው ላይ ነበረ። ዐዋጅ ሲታወጅም ነጋሪት የሚጐሰመው ሕዝብ በሚበዛበት በዚያው ስፍራ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣውም ሰው ሁሉ ሱቁን የሚከፍተው በአራዳ ነበር። ግሪኩ፥ አርመኑ፥ ሕንዱ፥ ዐረቡ፥ ፈረንሳዊው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከሕንዶቹ የመሐመድ አሊ የንግድ ቤት እጅግ የታወቀ ነበር። በ1890ዎቹ ዓመታት ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ከጅቡቲ በብዙ ሰው ጉልበት አስጐትቶ ባመጣ ጊዜ፥ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ብሎ ሰየመው። በ1900 ዓ.ም. በጋ ደግሞ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዘመን ገደማ በእቴጌ ጣይቱ አሳቢነት የተሠራው ሆቴል በአራዳ ተከፈተ፤ ከዚያ በፊት እንግዳ የሚያድረው በሰው ቤት ወይም በድንኳን ነበርና፥ በገንዘብ የሚታደርበትና የሚበላበት ቤት ለባላገሩ አዲስ ነገር ሆነበት። በ1902 ዓ.ም. ገደማም ዶክተር ሜራብ የሚባል ከጆርጂያ አገር የመጣ ሐኪም የመድኃኒት ቤት ከፍቶ በአገሩ ስም ላ ጆርጂ ብሎ ጠራው። ስሙ ከሰፈሩ ታቦት ስም ጋራ መገጣጠሙ ደስ የሚል ነው። ይህ ሰው ስለ ኢትዮጵያ በፈረንሳይኛ ሦስት ክፍል ያለው መጽሐፍ ጽፏል።

ሲኒማ መታየት በጀመረ ጊዜ ግን ሕዝቡ እንዲህ በቀላሉ አልተቀበለውም። በጨለማ ቤት ውስጥ ሙት ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድ ያየ ሁሉ ቤቱን የሰይጣን ቤት ብሎ ጠራው፤ ይህም ስም እስከ ዛሬ አልተረሳም። አንዳንድ የዘመኑ ሰዎች በዚህ ነገር ላይ በአባቶቻችን ይሥቃሉ። ነገር ግን ያን ጊዜ ከሲኒማው በፊት ይልቁንም የታወቀው ሥዕል በመቅደስ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ነበር፤ የማይንቀሳቀስ፥ ሰውም የሚሰግድለት ነው። የሚሮጥና የሚያሽካካ ሥዕል ሲመጣ የማን ነው ብሎ መጠየቅ የሞኝነት ጥያቄ አይደለም።

የበጋው ወራት ሁልጊዜ የደስታ አልነበረም። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ የተስፋፋው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ደርሶ ብዙ ሺህ ሰው ጨረሰ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንም ታመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን፥ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፥ በየደጁ ጥራጊ ማቃጠል ልማድ ሆነ። በዚያ ዕለት ማለዳ የአራዳ ሰማይ በጢስ ሲሸፈን፥ ልጆች ለምን እንደሚያቃጥሉ ሳያውቁ እሳቱን ይዘሉታል።

ከዚህ በኋላ የሚተረከው የመከራው ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከከተማው ከወጡ በኋላ የአራዳ ሱቆች ተዘረፉ፥ ተቃጠሉም፤ ይህን ያደረገው ጠላት ሳይሆን የገዛ ወገናችን ነውና ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሊሸሽገው አይገባም። ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያ ጦር ገባ። በሐምሌ ወር አርበኞች ከተማይቱን ለማስለቀቅ በተነሡ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ ተይዘው፥ አርበኞቹን እንዲያወግዙና ለጠላት መገዛትን እንዲሰብኩ ቢጠየቁ እንቢ ስላሉ፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። እኒህ አባት በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ።

ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፥ በንግሥ በዓል ዋዜማ፥ በጊዮርጊስ ፊት ለፊት የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ተመርቆ ነበር። ኢጣልያኖቹ በዓድዋ ድል ያደረጋቸውን ንጉሥ በፈረስ ላይ ተቀምጦ ማየቱን አልወደዱም፤ በቀን ማድረጉን ግን ስለ ፈሩ ሐውልቱን በሌሊት ነቅለው ቀበሩት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአብርሃ ደቦጭና በሞገስ አስገዶም እጅ ቦምብ ተወርውሮ ግራዚያኒ በቈሰለ ጊዜ ደግሞ፥ ሦስት ቀን በተደረገው ጭፍጨፋ የሰው ደም እንደ ውሃ ፈሰሰ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሞተውን 30,000 ብሎ አስታውቋል፤ ነገሩን በብዙ ዘመን የመረመረው ኢያን ካምቤል የተባለ የታሪክ ጸሐፊ 19,000 ያህል ይላል። በዚያው ጊዜ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ተለኰሰ። ኢጣልያዊ ንድፍ ያወጣለትን መቅደስ የኢጣልያ ሰዎች ቤንዚን አፍስሰው አቃጠሉት። በሚቀጥለው ወር፥ በመጋቢት፥ ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ከምጽዋ ተጭኖ ኔፕልስ ወደብ ደረሰ።

ይህ ሁሉ በግልጥ፥ በጩኸት የተደረገ ነው። በዝምታ የተደረገው ሌላ ነው። ጉዊዲና ቫሌ የተባሉ የኢጣልያ አርክቴክቶች ለአዲስ አበባ አዲስ ፕላን አወጡ፤ የፕላኑም ዋና ሐሳብ ነጩንና ጥቁሩን በሰፈርና በገበያ መለየት ነበር። በዚህ ምክንያት የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ ደጅ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ ስሙም መርካቶ ተባለ፥ ገበያ ማለት ነው። በቀድሞው ስፍራ ደግሞ የኢጣልያኖቹ ሱቅ፥ ቡና ቤትና ሲኒማ ቆመ፤ ፒያሳም ተባለ። የመሐመድ አሊም የንግድ ቤት በ1929 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራው ድርጅት ስምም በሕዝብ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተመለሱ በኋላ የሆነውን ልብ ብሎ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በኀይል ከተወሰደው ብዙው ተመልሷል። የምኒልክ ሐውልት ከተቀበረበት ወጥቶ በስፍራው ቆመ። የጊዮርጊስ ሕንጻ ታደሰ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ተሠራላቸው፤ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። የአክሱም ሐውልት እንኳ ከ68 ዓመት በኋላ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን መጥቶ አክሱም ገባ። ያለ ጩኸት የገባው ግን አልወጣም። ገበያው ወደ ጊዮርጊስ ደጅ አልተመለሰም፤ ስሙም አልተመለሰም።

የድል አድራጊዎቹን የእንግሊዝ ጄኔራሎች የካኒንግሃምንና የዌቨልን ስም ለፒያሳ መንገዶች ሰጥተው ነበር። በ1958 ዓ.ም. አገራችንን ለጐበኙት ለፈረንሳዩ መሪም የደጎል አደባባይ ተሰየመላቸው። መንግሥት በሰሌዳ የጻፈው ስም ግን በሕዝብ አፍ ከተጻፈው ስም ጋራ አይወዳደርም፤ ሰው ሁሉ የሚለው ፒያሳ ነው። ለዚህ ምክንያቱ፥ በእኔ ግምት፥ ሕዝቡ ወራሪውን መውደዱ አይደለም። ከድሉ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በተማረኩት ላይ በቀል እንዳይደረግ ስላዘዙ፥ ብዙ ኢጣልያን መካኒኮች፥ ጋጋሪዎችና ግንበኞች በሰላም ቀሩ። የእኛም ልጆች በእነርሱ ዘንድ ሙያ ሲማሩ ቃሉን ከመዶሻው ጋራ ተቀበሉ። ጎማ፥ ፍሬን፥ ካቻቪቴ፥ ፒንሳ፥ ፉርኖ፥ ፓስታ፥ ካልሲ፥ ቦርሳ፥ እነዚህን ቃላት በጠመንጃ ያስገደደን የለም፤ በምንደኛ ልጅ መዳፍ ገቡ። በ1957 ዓ.ም. በፒያሳ ራስጌ የቆመውን የማዘጋጃ ቤት ሕንጻም አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለ ኢጣልያዊ በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ እንደ ሠራው ማስታወስ ይገባል፤ ከካስታኛ ዘመን በኋላ ኢጣልያዊው እንደገና በእንግድነት ሙያው መጣ።

ቡናውም እንዲሁ ነው። በ1946 ዓ.ም. በፒያሳ አጠገብ የተከፈተው ቶሞካ ስሙ ከሦስት የኢጣልያንኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች የተቀጣጠለ ነው፤ ዘመናዊ የቡና መቍያ ማለት ነው። ከከፋና ከሲዳማ የመጣ ቡና በኢጣልያንኛ ስም ተጠርቶ፥ ባለቤቱ ኢትዮጵያዊ ቆሞ ይጠጣዋል። ማኪያቶ ማለትም ጠብታ ያረፈበት፥ የተበከለ ማለት ሲሆን፥ በወተት መበከሉ ነው። የእኛ ሰው ግን ይህን ቃል እስከ ጾም ቀን ድረስ አለማመደው፤ ወተቱን በአኩሪ አተር ወይም በለውዝ ለውጦ የጾም ማኪያቶ ይላል። ይህ ቃል ኢጣልያን ውስጥ ቢሰማ ማንም አይረዳውም።

የአራዳ ስም ምን ሆነ? ስፍራውን ለቆ ወደ ሰው ተሻገረ። ብልሃተኛውን፥ በከተማ ተንኰል የማይታለለውን ሰው አራዳ ይሉታል፤ የአራዳ ልጅ ሲሉም ሰፈሩን ሳይሆን ጠባዩን ነው። ክፍለ ከተማው በመንግሥት መዝገብ አራዳ ተብሎ ቢጻፍም፥ የጉምሩኩንና የማር ተራውን፥ የቁራኛውንም ሰንሰለት የሚያስታውስ ሰው አሁን በሕይወት የለም። ከአሮጌዎቹ ቤቶችም ብዙዎቹ አልቀዋል፤ የእቴጌ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት አደጋ በከፊል ተጐዳ፥ በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ለኮሪደር ልማት ተብሎ የፒያሳ አሮጌ ሰፈር አብዛኛው ፈረሰ። ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳርቻ ተወሰደ። አፍራሹ በዚህ ጊዜ ባዕድ አይደለም፤ ስለዚህ ጠላት ብሎ የሚከሰስ የለም፥ ጠፋ የተባለውንም ከባሕር ማዶ ሄዶ ማስመለስ አይቻልም።

ፍርስራሹ ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ፥ በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም.፥ በዚያው በማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። የካቲት 23 ቀን ከከተማው ዳር ሁሉ ሕዝብ ወደዚያና ወደ ምኒልክ ሐውልት ይመጣል፤ ሴቶቹ ባለ ጥለት ቀሚስ፥ ሽማግሎቹ የአርበኛ ልብስ ለብሰው፥ ጐራዴና ጋሻ ይዘው በታክሲ ይሳፈራሉ። የታክሲው ረዳትም በመስኮት ወጥቶ «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ይጠራቸዋል።